የመጀመሪያ ካራቫን ልንገዛ ነው፤ ሂሉክሳችን ይጎትተዋል? የዓባይ በረሃንስ እንዴት እንለፈው?

ዘንባባ_ባሕርዳር፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ቅዳሜና እሁድ ጎርጎራ፣ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ የምንወጣበት፣ ለጥምቀት ደግሞ ጎንደር የምንከርምበት በመኪና የሚጎተት ካራቫን ልንገዛ አስበናል። ለጥምቀት ጎንደር ላይ አልጋ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስለ ካራቫን ግን ፎቶ ከማየት ያለፈ እውቀት የለንም።

መኪናችን ሂሉክስ ደብል ጋቢና ናት፤ 4 በ4፣ 2.5 ቱርቦ ናፍጣ፣ ማርሿ በእጅ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ካራቫን አግኝተናል።

አንደኛው ከአውሮፓ የመጣ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ባለ አንድ አክስል ነው። ሰሌዳው ላይ ጠቅላላ ክብደት 1,300 ኪሎ ይላል፤ ባዶውን 1,080 ነው ብሎናል ሻጩ። ውስጡ በቅርቡ ታድሷል፣ ግድግዳውም አዲስ ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሁለተኛው አሜሪካ ሠራሽ ሆኖ በዱባይ በኩል የገባ፣ ባለ ሁለት አክስል ነው። በጣም ሰፊ ነው፤ ኤርኮንዲሽነር፣ ማይክሮዌቭ፣ ትልቅ ፍሪጅ አለው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው በፓውንድ ነው፣ 5,700። ልጆቹም እኛም ልባችን ያረፈው እዚህኛው ላይ ነው።

የትኛው ይሻላል? ሄደን ስናየው ምኑን እንፈትሽ? ከገዛን በኋላ ራሳችን ጎትተን በጎሐ ጽዮን፣ በደጀን አድርገን ልናመጣው ነው ሐሳባችን። ጋንቾውን (መኪናው ላይ የሚገጠመውን መጎተቻ) እዚሁ ባሕር ዳር እናስበይዳለን።


ሞዞና_ኩሽኔታ፦

እህቴ፣ ሁለተኛውን ተዉት። ስፋቱ እውነት ነው፣ ግን ለእናንተ መኪና የሚሆን አይደለም።

5,700 ፓውንድ ወደ 2,585 ኪሎ ነው። ሂሉክሷ ባዶዋን 1,850 ኪሎ አካባቢ ብትሆን ነው። አውሮፓ ውስጥ ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ምክር የተጫነው ካራቫን ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶውን አይለፍ የሚል ነው፤ ለእናንተ ወደ 1,570 ኪሎ ይመጣል። ሕግ ሆኖ አይደለም። ተጎታቹ ከጎታቹ ከከበደ፣ መወዛወዝ የጀመረ ጊዜ መሪው ያለው ሾፌሩ እጅ ላይ ሳይሆን ከኋላ ነው። ከፍታም አለ። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈውን የመጎተት አቅም ለየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ቀንሱ የሚሉ አምራቾች ብዙ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ማቀዝቀዣውም እንደዚያው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ያልፋል። መጽሐፉ 2,000 ኪሎ ቢል ደብረ ማርቆስ ላይ 1,500 ገደማ ሆኗል ብላችሁ አስቡት።

የአሜሪካው ፍሬን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሚይዘው በኤሌክትሪክ ማግኔት ነው። ከሾፌሩ አጠገብ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመና ከባትሪው ወፍራም ሽቦ እስከ ኋላ ካልተዘረጋ ካራቫኑ ጭራሽ ፍሬን የለውም። አንዱ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይስባል፣ አራቱ 12፤ የመብራት ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። መብራቱም እንዲሁ አይገናኝም፤ በአሜሪካው የፍሬንና የፍሬቻ አምፖሉ አንድ ነው፣ በሂሉክስ የተለያዩ ናቸው፣ በመካከላቸው መቀየሪያ ያስፈልጋል። ዕቃዎቹ በ120 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ የሚሠሩ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ የኤርኮንዲሽነሩ ሞተር በ50 ኸርዝ እየጋለ ዕድሜው ያጥራል።

እንግዲህ አንደኛው ላይ እንቆይ። 1,300 ሲቀነስ 1,080፣ 220 ኪሎ ይቀራል። ይህ የእናንተ ጭነት ነው። ቁጠሩት፦ 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ሲሊንደር ከነብረቱ 25 ኪሎ ያልፋል። የካራቫኑ የውስጥ ባትሪ ሌላ 25። ከበሩ ላይ የሚዘረጋው የድንኳን ጥላ 25። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ወንበር፣ የአራት ሰው የሁለት ቀን ስንቅ 70 ቢሆን ለልጆቹ ብስክሌት የተረፈው 30 ኪሎ ያህል ነው። የምትሄዱበት ቦታ ውሃ ካለ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ ንዱ።

የሻጩን 1,080 ግን በአፍ አትቀበሉት። የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አውጡት። ካራቫኑን ከመኪናው ፈትታችሁ፣ የፊት ትንሿ ጎማም ሚዛኑ ላይ እንዳለች መዝኑት። በእድሳት ስም ከባድ ጣውላ የገባበት ካራቫን ሻጩ ከነገራችሁ ባዶ ክብደት 100 ኪሎ ቢበልጥ አይግረማችሁ፤ ያ 100 ኪሎ ከእናንተ 220 ላይ የተወሰደ ነው።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ለአውሮፓ ሠራሽ ከተጫነው ካራቫን ከ5 እስከ 7 በመቶ መሆን አለበት፤ ለ1,300 ኪሎ ከ65 እስከ 91 ኪሎ። ማያያዣው ላይ የተቀረጸው ከፍተኛ ልክ ከዚያ ካነሰ፣ ለምሳሌ 75 ካለ፣ 75 ነው የሚገዛችሁ። መለኪያው ቀላል ነው፦ የሰው መመዘኛ ሚዛን ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ከሚዛኑ እስከ ማያያዣው አፍ የሚደርስ እንጨት አቁሙበት፣ ትንሿን ጎማ አንሱና ቁጥሩን አንብቡ። ካነሰ ከኋላ ያለውን ከባድ ዕቃ ወደ አክስሉ አምጡ። ከባድ ዕቃ ቦታው አክስሉ ላይ ነው፣ ወለሉ ላይ። ከኋላ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ካራቫኑን ጅራቱን ያስቆላዋል።

ጋንቾውን "እናስበይዳለን" ያላችሁት አሳስቦኛል። ባሕር ዳር ጎበዝ በያጅ ሞልቷል፣ ነገሩ የሙያ ጉድለት አይደለም። የኋላ መከላከያው ላይ የተበየደ ጋንቾ የሚይዘው ላሜራ ነው፤ ሻንሲው ላይ የተበየደ ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ሻንሲውን ብየዳው አጠገብ ያሰነጥቀዋል። ወፍራም ብረት በሻንሲው ግራና ቀኝ ታስሮ፣ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ ሦስት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ማህተም ያለባቸው፣ የማይፈታ ዳዶ የገባባቸው ይሁኑ። የካራቫኑ ማያያዣ የሚገጥምበት የጋንቾው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ለአሜሪካ ሠራሽ የሚሸጠው ባለ 2 ኢንች 50.8 ስለሆነ "ያው ነው" ቢሏችሁ ያው አይደለም።

የኳሱ ከፍታ ከመሬት እስከ መሐሉ፣ መኪናው ተጭኖ፣ ከ35 እስከ 42 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 4 በ4 ሂሉክስ ከፍ ያለች ስለሆነች ጋንቾው ወደታች የሚወርድ ቅርጽ ይኑረው። ካራቫኑ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ከተጎተተ የኋላው ክብደት ይጫነዋል፣ መወዛወዙም ይብሳል። ሲታሰር ደልዳላ ወይም ወደፊት ትንሽ ያዘነበለ ይሁን።


ጣና_ዳር፦

አጭር ነገር ልጨምር፣ ሁለቱም ላይ ይሠራል። ገንዘብ ሳይወጣ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሦስት ቦታ አመሳክሩ፦ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን፣ ሊብሬው ላይ ያለውን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ የተጻፈውን። በዓለም አቀፉ የታሪፍ ምድብ የመኖሪያና የካምፕ ተጎታች ቁጥሩ 8716.10 ነው። ዲክላራሲዮኑ ላይ የጭነት ተሳቢ ተብሎ ከገባ ምርመራና ስም ማዛወር ላይ ጥያቄ ይነሳባችኋልና ሻጩ አስቀድሞ ያስተካክለው። የመኪናችሁ መድን ተጎታቹንም ይሸፍን እንደሆነ ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ተቀበሉ።

በሩንም እዩት። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው፣ በሩ በቀኝ በኩል መሆን አለበት። ከእንግሊዝ፣ ከኬንያ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ካራቫን በሩ በግራ ነው፤ መንገድ ዳር ስትቆሙ ልጆቹ የሚወርዱት ሲኖትራክ በሚያልፍበት በኩል ይሆናል። "ከአውሮፓ" ብቻ አይበቃም፣ ከየትኛው አገር ብላችሁ ጠይቁ።


ጣሪያና_ስፌት፦

"ግድግዳው በቅርቡ አዲስ ወረቀት ተለጥፎበታል" የሚለው አሳስቦኛል። ካራቫን የሚሞተው በሞተር አይደለም፣ ሞተር የለውም። የሚሞተው በውሃ ነው። ግድግዳው ከውጭ ስስ አልሙኒየም፣ መሐሉ ፎምና ቀጫጭን እንጨት፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ ነው። ስፌቱን ያለፈ ውሃ መውጫ የለውም፤ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ወረቀት የሚለጠፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነጠብጣብ ለመሸፈን ነው።

ባለ ሁለት እሾህ የእንጨት እርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ወይም ተውሳችሁ ሂዱ። እስከ 15 በመቶ ደህና ነው። ከ15 እስከ 20 ቦታውን መዝግቡና ተከታተሉት። ከ20 በላይ ውሃ የሚገባበት ቦታ አለ። ከ30 በላይ ከሆነ እንጨቱ ሳይጎዳ አይቀርም፣ ዋጋ መደራደርም ትርፉ ድካም ነው። እሾሁን የምትሰኩት አራቱም ማዕዘኖች ላይ ከላይና ከታች፣ የመስኮቶቹ ታችኛ ጠርዝ፣ የጣሪያው መስኮት ዙሪያ፣ ከፊት ወንበር ሥር ያለው ሣጥን ውስጥ፣ ከጎማው በላይ ባለው ቅስት አጠገብ፣ እና ድንኳኑ የሚገባበት ረጅም ሐዲድ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ነው። በተለይ ሐዲዱን አትርሱት፤ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ብሎኖች አልሙኒየሙን የሚወጉበት እዚያ ነው። ቁም ሣጥኖቹን ክፈቱ፣ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው እዚያ ድረስ አይደርስም። በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ፤ የዳቦ ልብ ያህል ከገባ በስብሷል።

ወቅቱም ያታልላል። በጥርና በየካቲት የሚታይ ካራቫን ደርቆ ሽታው ጠፍቶ ይጠብቃችኋል፣ መለኪያውም ዝቅ ይላል። በደረቅ ወራት ከሆነ የምታዩት ሻጩን አስፈቅዳችሁ ውሃ አጠጡት፦ በጎማ ቱቦ፣ ግፊት በሌለው ውሃ፣ ከታች ስፌት ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ስፌት 15 ወይም 20 ደቂቃ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወደታች እየወረደ የትኛው ስፌት እንዳስገባው አይለይም። እንቢ ካለ መልሱን ነግሯችኋል። የባሕር ዳርን ሐምሌና ነሐሴ የማይችል ስፌት ይዛችሁ እንዳትመጡ ነው ልፋቱ ሁሉ።

ስፌቱ ላይ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ነጭ ሲሊኮን ተለቅልቆ ካያችሁት መጥፎ ምልክት ነው። አልሙኒየሙ ሲሞቅና ሲበርድ አብሮ አይሳብም፣ ጫፉ ይላቀቃል፣ ውሃውን እንደ ኪስ ይይዛል። ደግሞ ቅሪቱ እስኪፋቅ ድረስ ሌላ ማሸጊያ አይጣበቅበትም። ትክክለኛው ጥገና ሐዲዱን ፈትቶ፣ አሮጌውን አጽድቶ፣ የማይደርቅ የቡቲል ጥቅል አንጥፎ መልሶ ማሰር ነው።


ዘንባባ_ባሕርዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ሁለተኛውን ትተነዋል። ለአንደኛው ሻጭ ደውለን አንዳንድ ነገር ጠየቅን። ከጀርመን የመጣ ነው፣ በሩ በቀኝ ነው። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር በፎቶ ልኮልናል፣ መጨረሻው 3112 ይላል፤ ጥርሱ ግን አዲስ ይመስላል። በሩ አጠገብ ወለሉ ሲረገጥ ትንሽ ለስለስ ይላል አለን። ይህ የሚያስቀር ነገር ነው? የበረሃውንም ነገር ማንም አላነሳውም።


ሞዞና_ኩሽኔታ፦

3112 ማለት በ2012 እ.ኤ.አ. 31ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ጥርሱን አትዩት። የካራቫን ጎማ በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው የሚያረጀው፤ ጎኑ ከውስጥ ይደርቃል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሲግል በሙሉ ይፈነዳል፣ የሚፈነዳውም ሽሮ ሜዳን ሳታልፉ ሳይሆን ሙቀቱ ከፍ ባለበት በረሃው ውስጥ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በየጊዜው ይፈተሻል፣ በ7ኛው ይቀየራል። ሁለቱንም ጎማና ትርፉን የሚሸፍን ገንዘብ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ሲቀየር መጠኑ ብቻ ሳይሆን የመሸከም ቁጥሩ ከበፊቱ እንዳያንስ። የጎማ ዳዶዎቹን ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ።

ኩሽኔታውን በክሪክ አንሥታችሁ ፈትሹ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ላልቷል። አሽከርክሩት፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካሰማ ተበልቷል። የዚህ ዘመን የአውሮፓ ኩሽኔታ ድፍን ነው፣ ግራሶ አይሞላም፣ ሲበላሽ ይቀየራል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት እምብርት) ላይ ጽፋችሁ መለዋወጫው መገኘቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የማዕዘን እግሮቹን እንደ ክሪክ አትጠቀሙባቸው፤ ካራቫኑ ቆሞ እንዳይወዛወዝ የሚደግፉ እንጂ የሚያነሡ አይደሉም።

አክስሉም ባለ ባሌስትራ ሳይሆን በቱቦው ውስጥ ላስቲክ የተጠቀጠቀበት ነው የሚሆነው። ባሌስትራ ቢሰበር ማንኛውም የጭነት መኪና ጋራዥ ያበጀዋል፤ ይኼ ግን የውስጡ ላስቲክ ከሞተ ሙሉ አክስል ነው የሚቀየረው። ከኋላ ቆማችሁ ሁለቱን ጎማዎች እዩ። አንዱ ወደ ውስጥ ካዘመመ፣ ወይም በጎማውና በቅስቱ መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ ከተለያየ፣ ጥሩ አይደለም።


ጣሪያና_ስፌት፦

የወለሉን ነገር እኔ ልመልስ። ወለሉ ከላይ ኮምፔንሳቶ፣ መሐል ፎም፣ ከታች ኮምፔንሳቶ ነው። በሩ አጠገብ የሚለሰልሰው ሁሉም ሰው እዚያ ስለሚረግጥ ሙጫው ተላቅቆ ሊሆን ይችላል። መለኪያውን ስኩበት። ደረቅ ከሆነ ይድናል፦ የላይኛውን ሽፋን ብቻ የሚወጋ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይበሳል፣ ማጠንከሪያ ያለው ፈሳሽ ሙጫ በመርፌ ይገባል፣ ቀዳዳው በእንጨት ይደፈናል፣ አንድ ቀን ሙሉ ከባድ ነገር ይጫንበታል። እርጥብ ከሆነ ግን ከታች በስብሷል ማለት ነው፤ ካራቫኑ ሥር ገብታችሁ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት።


ቁልቁለት፦

ወደ በረሃው ልምጣ። እህቴ፣ የመጀመሪያ ጉዟችሁ የዓባይ በረሃ አይሁን። እባካችሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን መልሶ ያንኑ ያህል ዳገት። ካራቫን ጎትቶ የማያውቅ ሰው፣ ያልተፈተነ ፍሬን፣ የ2012 ጎማ፣ አዲስ የታሰረ ጋንቾ፣ ሁሉም በአንድ ቀን እዚያ ይገናኛሉ።

በሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ባለ የጭነት መኪና) አስመጡት። ሲጫን በሻንሲውና በጎማው ይታሰር እንጂ በግድግዳው ላይ ሰንሰለት አይሳብበት። የማዕዘን እግሮቹ ይነሡ፣ ጋዙ ይውረድ፣ መስኮቶቹና የጣሪያው ክዳን ተዘግተው ከውጭ በፕላስተር ይያዙ፤ ንፋስ ከገባበት ክዳኑን ነቅሎ ይወስደዋል። ኪራዩ ከአንድ አክስል አይበልጥባችሁም ብዬ አይደለም የምመክረው፣ ቢበልጥም ነው።

ካራቫኑን ለምዳችሁ አንድ ቀን በረሃውን ብትወርዱት ማወቅ ያለባችሁ ይህ ነው። የአውሮፓው ፍሬን የሚሠራው በግፊት ነው፤ መኪናው ሲቀንስ ካራቫኑ ወደፊት ይገፋል፣ ማያያዣው ይሰበሰባል፣ ሽቦው የፍሬኑን ሸራ ይስባል። ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን መኪናውን በሞተር ስትይዙት ካራቫኑ ያለማቋረጥ እየገፋ ስለሆነ ፍሬኑም ያለማቋረጥ ይዟል። ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ያቆማል፣ ሾፌሩ አያውቀውም፤ ከዚያ በኋላ 1,300 ኪሎው በሙሉ የሂሉክሷ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ ግቡ። መሐል ላይ ማርሽ ለማውረድ አትሞክሩ። ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙ፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፤ እግር ጭኖ መውረድ የለም። ሰፊ ዳር ባገኛችሁበት ሁሉ ቁሙና የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሞዞው አስጠጉ፣ አትንኩት። ከሩቅ የሚፈጅ ከሆነ 20 ደቂቃ ጠብቁ። በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል። ጎማው ሥር ድንጋይ ሳይሆን የተዘጋጀ የእንጨት ታኮ ግቡ፣ ስትነሡም እንዳትረሱት። አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት የተጣመመባቸው ቦታዎች ላይ በእግር ጉዞ ፍጥነት እለፉ።

ለጅራት መቁላቱ፦ ፍጥነታችሁ በምንም መንገድ ላይ ከ80 አይለፍ፣ በኛ መንገድ 60 ይበቃል። ትልቅ መኪና ሲቀድማችሁ ንፋሱ መጀመሪያ ካራቫኑን ይስበዋል፣ ከዚያ ይገፋዋል። ከጀመረ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪ በመመለስ ለማረጋጋትም አትሞክሩ። ነዳጅ ሰጥቶ "ማስተካከል" የሚባል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉት።

ልምምዱን እዚሁ አድርጉት። ባዶ ሜዳ ፈልጉ፣ በጠዋት። ወደ ኋላ ለመሄድ እጃችሁን ከመሪው ታች አድርጉ፤ የካራቫኑ ኋላ እንዲሄድ ወደፈለጋችሁበት አቅጣጫ እጃችሁን አንቀሳቅሱ። ቀስ ብላችሁ። መኪናውና ካራቫኑ መታጠፍ ከጀመሩ ወደፊት ሄዳችሁ አቅኑና እንደገና ጀምሩ፣ ማንም አያሳድዳችሁም። የመጀመሪያ የመንገድ ጉዟችሁን እዚሁ ባሕር ዳር ባለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አድርጉት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ከአሮጌው እጅግ ይሰፋል። ከዚያ ጢስ ዓባይ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጎንደር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በየጉዞው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከዚያ በቅርብ ከመጣ ሾፌር ጠይቁ፣ ሲመሽም አትንዱ፤ ከብትና መብራት የሌለው ጋሪ ፊት ለፊት ሲመጣ የፍሬን መያዣ ርቀታችሁ ካራቫን ሲኖር ረዝሟል።

የመገንጠያ ገመዱን፣ ካራቫኑ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚስበውን፣ ኳሱ ላይ ጣል አድርጋችሁ አትሂዱ። ጋንቾው ቢሰበር ገመዱ አብሮ ይሄዳል። ሻንሲው ላይ በተሠራ ቀለበት እሰሩት።


ደንገል_ጥግ፦

ካራቫኑ ጣና ዳር ከደረሰ በኋላ ስላለው ነገር ጥቂት ልበል።

ከሁሉ በፊት፦ ውስጡ ከሰል አይገባም። ቡና ለማፍላትም፣ ሌሊት ለማሞቅም፣ በሩን ከፍታችሁም ቢሆን። ካራቫን ከአንድ ትንሽ ክፍል ያነሰ አየር ነው ያለው፣ የከሰል ጭስ ደግሞ ሽታ የሌለው ገዳይ አለው፤ ልጆቹ እንቅልፍ ላይ እያሉ ይወስዳቸዋል። ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ምድጃው ፍሙ ሳይጠፋ ወደ ውስጥ አይመለስ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዙና አልጋው ከፍታ ላይ ስቀሉት።

ወለሉ ላይና ከጋዝ ሣጥኑ ሥር ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ትንኝ እንዳይገባ ብላችሁ እንዳትደፍኗቸው። ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈተለከ የሚወጣው በእነሱ ነው። በሽቦ ወንፊት ሸፍኗቸው። ወባ ስላለ መስኮቶቹም ወንፊት ይኑራቸው፣ አልጋው አጎበር። የጋዙን ቱቦ መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ ፈትሹ፤ ቱቦው ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ይቀየር።

ፍሪጁ በጋዝ፣ በ220 ቮልትና በ12 ቮልት የሚሠራ ዓይነት ነው የሚሆነው። አምራቾቹ ራሳቸው ከ1,700 ሜትር አካባቢ በላይ የጋዙ ነበልባል እንደሚደክምና ሊጠፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፣ እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ነን። መብራት ባለበት በመብራት አሠሩት። በ12 ቮልት 12 አምፔር ያህል ስለሚበላ ከመኪናው ጋር ተያይዞ ሲሄድ ብቻ ነው የሚበራው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ባዶ ያደርግባችኋል። ፍሪጁ ካልተደላደለም አያቀዘቅዝም፣ የውሃ ልክ ይዛችሁ አቁሙት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዳትሰኩ። የካራቫኑ መግቢያ 16 አምፔር ነው፣ በ220 ቮልት ወደ 3,500 ዋት። ምጣዱ ብቻውን ያንን ይጨርሰዋል፣ የውስጡ ሽቦም ይግላል። እንጀራው ከቤት ይምጣ።

የሐይቁን ውሃ ታንክ ውስጥ አትሙሉ፤ ቢልሃርዝያ አለ። የቧንቧ ውሃም ቢሆን ታንኩን መጀመሪያ አጽዱት፦ 5 በመቶ የሆነ በረኪና ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር፣ ለ40 ሊትር ታንክ 40 ሚሊ ሊትር። ሁሉንም ቧንቧ ክፈቱ ሽታው እስኪመጣ፣ ዘግታችሁ 4 ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ እጠቡት።

የመጸዳጃው ሣጥን ከ17 እስከ 20 ሊትር ነው የሚይዘው፣ ለአራት ሰው ሁለት ቀን። የሚደፋው ሴፕቲክ ታንክ ባለው ሆቴል ወይም ቤት ነው፣ አስፈቅዶ። ሰማያዊውን ኬሚካል ትታችሁ ለሴፕቲክ የሚስማማውን አረንጓዴውን ግዙ። የሳህን እጣቢም በባልዲ ተይዞ ከውሃው ርቆ ይደፋ። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ባይመዘገብም ኖሮ የምንጠጣውና ዓሣ የምንበላበት ሐይቅ ነው፣ እምቦጩም ቆሻሻ ውሃ ነው የሚወደው።

የምታቆሙበት ቦታ፦ ደንገሉ ጥግ ቆንጆ ነው፣ ሌሊት ግን ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣበት መንገድ ነው። ዱካ ወይም የተረገጠ ሣር ካያችሁ ራቁ። ፎገራና ደምቢያ ላይ መሬቱ ጥቁር ነው፤ አንድ ዝናብ ከጣለበት ካራቫኑ እስከ አክስሉ ይሰምጣል፣ 4 በ4 መሆኑም አያወጣችሁም፣ የሚሰምጠው የማይነዳው ጎማ ነውና። ከአስፋልት ወይም ከጠጠር አትውጡ፣ በማዕዘን እግሮቹ ሥር 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ጣውላ አንጥፉ።


ዘንባባ_ባሕርዳር፦

ሎቤዱን ወስነናል፣ የእርጥበት መለኪያም ተገኝቷል። አንድ ብቻ ልጠይቅ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ግቢያችን ውስጥ ሊቆም ነው፣ ምን እናድርግለት?


ጣሪያና_ስፌት፦

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጎኑ ክፍት በሆነበት። በላስቲክ ሸራ አትጠቅልሉት፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ጥላ ከሌለ ውሃ ጣሪያው ላይ እንዳይተኛ በትንሿ የፊት ጎማ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ፍራሾቹን ከግድግዳ አርቃችሁ በጎናቸው አቁሙ፣ የፍሪጁን በር በእንጨት ክፍት አድርጉት፣ ታንኩን አፍስሱ፣ ባትሪውን ፈትታችሁ በየወሩ ቻርጅ አድርጉ። በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ስትወጣ ክፈቱት፣ ማዕዘኖቹን በመለኪያው ለኩና ቁጥሩን በደብተር ጻፉ፤ ከ14 ወደ 19 የወጣ ማዕዘን ነሐሴ ሳያልቅ የት እንደሚያፈስ ይነግራችኋል።


ሞዞና_ኩሽኔታ፦

የእጅ ፍሬኑን ልቀቁትና በታኮ አቁሙት። አራት ወር ተስቦ ከከረመ ሸራው ታምቡሩ ላይ ዝጎ ይጣበቃል።